በስልክ የማይነገር

ዘይቱና የእህቷን ሞት የሰማችው በስልክ ነው። ያንን እስከ ዛሬ ይቅር አላለችም።

ሞቱን ይቅር ብላለች። ሞት የአላህ ነው፣ ማንም አይከራከረውም። ሀሊሜ ልቧን ታማ፣ እግሯ አብጦ፣ ከአሰላ አዲስ አበባ ተልካ አንድ ትልቅ ሆስፒታል ከተኛች በኋላ የዘይቱናም ሆድ ጠርጥሮ ነበር። ይቅር ያላለችው አነጋገሩን ነው። ቅያሪ ልብስና ስንቅ ልትይዝ ለአንድ ቀን አሰላ ተመልሳ፣ እግረ መንገዷን ገበያ ገብታ፣ ለጎረቤት አደራ የሰጠችውን የሽያጭ ድንች እያየች ሳለ ስልኳ ጮኸ።

"የሀሊሜ ቤተሰብ ነሽ?"

"ነኝ። እህቷ ነኝ።"

"በሽተኛዋ አርፋለች። አስከሬን የሚረከብ ሰው ላኩ።"

ተዘጋ። በቃ። ሰላምታ የለ፣ የት ነሽ የለ፣ አጠገብሽ ሰው አለ ወይ የለ። ዘይቱና ድንቹ ላይ ተደፋች። አንዲት ገበያተኛ የሚጥል በሽታ መስሏት አፍንጫዋ ስር ክብሪት ጫረችባት። ያ የክብሪት ሽታ አሁንም፣ ስልክ በጠራ ቁጥር፣ ይሸታታል።

መርዶ እንዲህ አይነገርም። መርዶ በእግሩ ነው የሚመጣው። ሽማግሌ ይፈለጋል፣ ጎረቤት ይነገረዋል፣ ጎህ ሲቀድ፣ ሰውየው ከቤቱ ሳይወጣ፣ ቀስ ብለው ይገቡበታል። አንዱ ይናገራል፣ ሌላው ትከሻ ይይዛል፣ ሌላዋ ውሃ ይዛ ትቆማለች። እስከዚያ ድረስ የጠየቀ ሁሉ "ደህና ናት" ነው የሚባለው። በጣም ካስጨነቀ፣ "ትንሽ አሟታል፣ ብቻ ነይ" ይባላል። ይህን ውሸት ነው የሚል ሰው ዘይቱና አታውቅም።

ነገሩን ሆድ ይፍጀው ብላም አልተወችው። ለባጃጅ ሾፌር ነግራለች፣ ለሆስፒታል ዘበኛ ነግራለች፣ ድንች ሊገዛ ለመጣ ሁሉ ነግራለች። "አንቺ ሴትዮ፣ አሁንም እሱን ነው የምታወሪው?" ይሏታል ጉልት አብረዋት የሚቀመጡት። "አወራለሁ" ትላለች። "ሰውየው መጥቶ ይቅርታ እስኪለኝ።" ሰውየው ማን እንደሆነ እንኳ አታውቅም።

ሀሊሜ ትታላት የሄደችው አንዲት ሴት ልጅ ናት፣ ሩዋይዳ። ሩዋይዳ በሕፃንነቷ ጉሮሮዋን እየታመመች፣ ጉንፋን ነው እየተባለ፣ ቆይቶ በሽታው ልቧ ላይ ተገኘ። ሐኪሞቹ በየወሩ መርፌ አዘዙላት፣ ቁጥሩም መጨረሻውም የማይታወቅ። መርፌው የዋዛ አይደለም። የተወጋች ቀን ዳሌዋን ይዛ እያነከሰች ነው የምትገባው፣ ማታም በዚያ ጎን አትተኛም። ዘይቱና ግን አንድም ወር እንድትዘል ፈቅዳላት አታውቅም። ልጅቷ ስታለቅስም፣ ስትሳደብም፣ የወሩ ሐሙስ በመጣ ጊዜ፣ የልብ ሕመምተኞች ቀን ሐሙስ ስለሆነ፣ ይዛት ትሄዳለች።

ሩዋይዳ አድጋ ብቻዋን መሄድ ከጀመረች ወዲህ ማጉረምረሙን ትታ ነበር። ምክንያቱ የበቆጂው ሚፍታ ነው። ያው የወር መርፌ ተወጊ፣ ያው አግዳሚ ወንበር ላይ ተራ ጠባቂ። ቀጭን፣ ተጫዋች ልጅ ነበር። "ሯጭ በሚፈላበት አገር ተወልጄ ደረጃ ሳይ የምቀመጥ እኔ ብቻ ነኝ" ይላል። "አሠልጣኝ ካየኝ በድንጋይ ነው የሚያባርረኝ።" ሩዋይዳ ይህን ለዘይቱና እየነገረች ስትስቅ፣ ዘይቱና ሳቁ ከቀልዱ እንደሚበልጥ ገብቷታል። ልጅቷን በየወሩ ሐሙስ ከቤት የሚያወጣት ነገር ከተገኘ ምን ቸገራት።

ክረምቱ ሲገባ ሚፍታ ቀረ። ስልኩም አልነሳ ብሎ ኋላ ተዘጋ። ሩዋይዳ መጀመሪያ ተጨነቀች፣ ቆይቶ አኮረፈች፣ ከዚያ ስሙን ማንሳት ተወች። ገብስ ታጭዶ ባለጋሪዎች ወደ ብቅል ፋብሪካው ጆንያ ማመላለስ የጀመሩ ሰሞን፣ አንድ ሐሙስ፣ ሩዋይዳ ከሆስፒታል ሳታነክስ ተመለሰች።

"ተወጋሽ?"

"አልተወጋሁም። ከእንግዲህም አልወጋም አዴ።"

"ማን ፈቅዶልሽ?"

"ሚፍታ ትቶታል። ደህና ነው። ጮሌ ወረዳ ሥራ ይዟል አሉ። ሆስፒታል በሽታውን የሚያጠኑት ናቸው የነገሩኝ። መርፌውን ትተው የቀሩትን ሁሉ እየደወሉ ጠይቀዋል፣ አብዛኞቹ ደህና ናቸው። እኔ ብቻ ነኝ ጅሏ፣ እንደ ወንፊት የምበሳሳው።"

"እናትሽስ?"

"እናቴ እናቴ አትበይኝ። እናቴ መርፌ አልነበራትም። እኔ ምንም አላመመኝም። ቁጥሩን ቀይሮ፣ ሥራ ይዞ፣ እኔን ረስቶ እየኖረ..." ቀሪውን ዋጠችው። ዞር ብላ በሩን ዘጋች።

ዘይቱና ደጃፉ ላይ ተቀመጠች። ጉልበቷ ያማታል፣ ወገቧ ያማታል። ልጅቷን እንደ ድሮው በእጇ ጎትታ እንዳትወስዳት፣ ልጅቷ በቁመት በልጣታለች። የዛሬው አልፏል። ለሚቀጥለው ሐሙስ ካልተወጋች ግን መርፌው እየዘለለ፣ እየዘለለ፣ የሀሊሜን መንገድ እንደሚይዛት ዘይቱና ፊደል ሳትቆጥር ታውቃለች። ሌላ ነገር አታውቅም። አንድ ነገር ብቻ ከነከናት። እየደወሉ ጠይቀዋል አለች ልጅቷ። እየደወሉ።

በማግስቱ ድንቿን ለጎረቤት ትታ ሆስፒታል ሄደች። የልብ ክፍሏ ነርስ መሰረት በር ላይ አገኘቻት። መሰረት ከወሎ ተመድባ የመጣች፣ ሁሉንም ሰው በስሙ የምትጠራ ደግ ልጅ ናት።

"እናቴ፣ ዛሬ ቀጠሮ አለዎት እንዴ?"

"ቀጠሮ የለኝም። ጠብ አለኝ።"

"ከማን ጋር?"

"ገና አላወቅሁም። ለሩዋይዳ ሚፍታ ደህና ነው ያላት ማን ነው?"

"እኔ ነኝ" አለች መሰረት። "ስትጨነቅ አይቼ፣ ደስ ይበላት ብዬ ነው።"

"በዓይንሽ አይተሽዋል?"

"በስልክ ነው። ካርዱ ላይ በተጻፈው በራሳቸው ቁጥር አባቱ ናቸው ያነሱት። ደህና ነው፣ ጮሌ ወረዳ ሥራ ይዟል አሉኝ።"

"በስልክ!" አለች ዘይቱና። ድምፅዋ ስለጮኸ ጥናቱን የሚሠራው ሐኪም ዶክተር ኖህ ከክፍሉ ብቅ አለ። ረጅም፣ ገና ወጣት፣ ከጎጃም የመጣ፣ የአሰላ ብርድ ስላልለቀቀው በነጩ ጋውን ላይ ጃኬት የሚደርብ።

"ምን ሆነው ነው አደ ዘይቱና?"

"ዶክተር፣ ለኔም ተደውሎልኝ ነበር እኮ። አምና። ሀሊሜ እንዴት ናት፣ ለምን ከክትትል ቀረች ብላ አንዲት ልጅ ጠየቀችኝ።"

"እሺ።"

"ደህና ናት አልኳት።"

"ጥሩ ነዋ።"

"ሀሊሜ እህቴ ናት። አዲስ አበባ ከሞተች ስንት ዘመኗ!"

መሰረት አፏን በእጇ ያዘች። ደዋይዋ እሷ ነበረች። ኖህ ግድግዳውን ተደገፈ።

"ታዲያ ለምን ደህና ናት አሉ?"

"ምን ልበላት? ማን እንደሆነች አላውቅ። የት እንደቆመች አላውቅ። የልብ ወዳጇ ብትሆንስ? እንደኔ ድንች ላይ ትደፋ?"

"እኛ የጠየቅነው ለጥናት ነው እናቴ። ሕሙማኑ ምን ላይ እንደደረሱ፣ አያያዛችን የት እንደጎደለ ለማወቅ።"

"ጥናት መሆኑን ስልኩ ይናገራል?" አለች ዘይቱና። "ያንተ አገር ሰው በስልክ መርዶ ይነጋገራል?"

"አባቴ የሞተው እኔ ጎንደር ፈተና ላይ ሆኜ ነው" አለ ኖህ፣ ለመሰረት የሚናገር ይመስል። "እደውላለሁ። ደህና ነው፣ እርሻ ላይ ነው ይሉኛል። ፈተናው እስኪያልቅ እርሻ ላይ ነበር።"

"ይኸውልህ!" አለች ዘይቱና።

"ሥራው እኮ አልቋል። ጽሑፉን ልልከው ነው። ሌሊቱን ሙሉ ተረኛ ነበርኩ፣ ደክሞኛል።"

"እኔም ደክሞኛል። ጽሑፍህን ላከው፣ አትላከው፣ የኔ ጉዳይ አይደለም። የኔ ጉዳይ ልጄ ሐሙስ ትወጋለች ወይስ አትወጋም ነው። አንድ ቤት ብቻ አብረኸኝ ሂድ። የሚፍታን ቤት። እኔ ብናገር አታምነኝም፣ መርፌ ልታስወጋኝ ብላ ነው ትላለች።"

እንቢ ቢላት እንደማትነሳ ከአቀማመጧ ገባው። አግዳሚው ወንበር ላይ ጋቢዋን አጣጥፋ ሥር ሰዳለች። ረቡዕ ከተረኛነት ሲወጣ እንዲሄዱ ተስማሙ።

ረቡዕ በሚኒባስ በቆጂ ደረሱ። ኖህ መንገዱን ሁሉ ተኝቶ ነበር፣ ራሱ ዘይቱና ትከሻ ላይ እየወደቀ። ከከተማው ወጣ ብሎ ወደ ሚፍታ ሰፈር የሚወስደው ጋሪ ነው። ጋሪው ላይ እያሉ ዘይቱና ከመንገዱ ዳር ባለው አውድማ ላይ መንሽ ይዞ ገብስ የሚያዘራ ሰው አየችና ጮኸች።

"ያ ሊበን አይደለም? የአግዳሚው ወንበር ሊበን?"

ሊበን ነበር፣ ከክትትል የቀረ ሌላ የልብ ሕመምተኛ። ዘይቱና ሞቷል ብላ ለሰፈር ሁሉ አውርታለታለች፣ ዱዓም አስደርጋለታለች። ወርዳ ሰላም ስትለው እጁን አልለቅ አለች።

"ምነው አደ ዘይቱና፣ እንዲህ ናፍቄሽ ነው?"

"ሞተሃል ብዬ አልቅሼልህ ነበር፣ አንተ ሰው።"

"ለዚህ ነዋ ሰሞኑን ጆሮዬ እየጮኸ ያስቸገረኝ!" ሊበን ሳቀ። ሳቁ መሀል ላይ ትንፋሽ አጠረውና መንሹን ተደገፈ። ኖህ አጠገቡ ቁጭ ብሎ እግሩን በጣቱ ተጫነው። ጣቱ የገባበት ስርጉድ ብሎ ቀረ። ሐሙስ እንዲመጣ አስማለው። "ለዚህኛው ስልኩ እውነት ነው የተናገረው" አለ ጋሪው ላይ ሲወጣ። "በሕይወት አለ። ደህና ግን አይደለም።" ዘይቱና ስለ ሚፍታም እንዲሁ ተሳስታ እንድትገኝ እየለመነች ነበር።

የሚፍታ አባት ከዲሮ ከደጃፉ ቆሞ ጠበቃቸው። ሽበታም፣ ሽርጥ የታጠቀ፣ እንግዳ ሲመጣ ከሩቅ ያየ ሰው። አካም ጂርቱ ተባባሉ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ገብሱ፣ ስለ ብርዱ ተጠያየቁ። ግቡ አለ። በርጩማ አመጣ። ኖህ ተቀመጠ። ዘይቱና በርጩማውን ወደ ጎን አደረገችና መሬት ቁጭ አለች። ነጠላዋን አገጯ ሥር አሰረች። ምንም አልጠየቀችም።

ከዲሮ ቆሞ አያት።

"ማን ነገረሽ?" አለ።

"ማንም።"

ያን ጊዜ ተቀመጠ። ሲናገር መሬቱን ነበር የሚያየው። ሐምሌ ላይ ዝናቡ መንገዱን ሲያበላሽ ልጁ አንድ ቀጠሮ ቀረ። ደህና ነኝ አለ። ሁለተኛውንም ቀረ። ነሐሴ ላይ ትኩሳት ያዘው፣ ያልፋል አሉ። ከዚያ መተኛት አቃተው፣ ተደግፎ ማደር ጀመረ። መስከረም ላይ አሰላ ሊያደርሱት መኪና ሲፈልጉ ጋሪው ላይ አለፈ።

"ስንደውልልዎት ጮሌ ወረዳ ነው ያለው አሉን" አለ ኖህ፣ ቀስ ብሎ።

"እና ምን ልበል? ሳቂታ ልጅ ናት የደወለችው። ልጄን በስሙ ጠርታ፣ እንዴት ነው ሚፍታ አለችኝ። ጓደኛው መስላኝ። ሰው እንዴት በስልክ..." ተወው። "ሌላም ልጅ አለች። በስልኩ ትደውል ነበር፣ ሩዋይዳ የሚል ይወጣል። ሲታመም ስሟን ይጠራ ነበር። ስልኩ በጮኸ ቁጥር ቤቱ ያለቅሳል። አነሳለሁ እላለሁ፣ ምን እላታለሁ? በኋላ አጠፋሁት።"

ዘይቱና ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች። ለሚፍታ አለቀሰች፣ ለሀሊሜም እዚያው አለቀሰች። ሲነሱ ከዲሮ እጇን ይዞ፣ "ልጅቷን ካገኘሻት ንገሪያት" አላት። "ደህና አድርገሽ ንገሪያት።"

በመልስ ጉዞ ሚኒባሱ ውስጥ ኖህ አልተኛም። ጉልበቱን አቅፎ በመስኮት ያያል።

"መርፌውን ስለተወ ብቻ ነው ብዬ ልዋሽዎት አልችልም" አለ። "ልቡ ቀድሞም ክፉኛ ተጎድቶ ነበር። ቢወጋ ግን ዕድል ነበረው። መንገዱ ላይም ሰው ቢኖረን..." ስልኩን አወጣ። "ነገ ሐሙስ ነው። ለሩዋይዳ አሁን ልደውልላትና..."

ዘይቱና እጁን ያዘችው። ስልኩን ከነእጁ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠችው። ምን ሊያደርግ እንደነበር ሲገባው ስልኩን ኪሱ ከተተ።

"ይቅርታ" አለ። "ድካም ነው።"

"ነገ ጎህ ሲቀድ ቤቴ ትመጣለህ" አለች። "ሽማግሌ አገኝልሃለሁ። የምትናገረው አንተ ነህ።"

"እኔ?"

"ከናንተ አንዱ። በእግሩ መጥቶ፣ ቁጭ ብሎ፣ በአፉ። ለእህቴ ያላደረጋችሁትን።"

"ያ እኔ አልነበርኩም እናቴ።"

"አውቃለሁ። አንተን ነው ያገኘሁት።"

ሰፈሩ ጉድ አለ። የወንድ ጓደኛ መርዶ ለልጃገረድ ይነገራል እንዴ? ዘመዷ ነው? እጮኛዋ ነው? "የመርፌ ጓደኛዋ ነው" አለች ዘይቱና። "ከፈለጋችሁ ኑ፣ ካልፈለጋችሁ እኔ ብቻዬን እይዛታለሁ።" እንዲህ እያጉረመረሙም መጡ። የመስጊድ ሶላት የጨረሱ አንድ ሽማግሌ፣ ሁለት ጎረቤት ሴቶች፣ ጆሮውን በሻርፕ የጠቀለለ ሐኪም። በር ላይ ኖህ ዘይቱናን ጠየቃት።

"ምን ብዬ ልጀምር?"

"ሰላም በል። ተቀመጥ። ስሟን ጥራ። ከዚያ ተናገር። አታርዝመው፣ አትሩጥበትም።"

ሩዋይዳ ገና ፀጉሯን ሳትሸፍን ነበር። ሰዎቹ ሲገቡ አንድ በአንድ አየቻቸው። ሽማግሌውን ስታይ ሻሿን አንስታ ፀጉሯን ሸፈነች። አገሩ ያሳደጋት ልጅ ናት፣ ይህ ሰዓት ምን እንደሆነ ታውቃለች። ዘይቱና ከኋላዋ ሆና ትከሻዋን ያዘች።

"ሩዋይዳ" አለ ኖህ። "ትናንት በቆጂ ነበርኩ፣ ከአክስትሽ ጋር። ሚፍታ ቤት።" ሻርፑን ከጆሮው አወረደ። "ሚፍታ አርፏል። መስከረም ላይ ነው። ደህና ነው ያልንሽ ተሳስተን ነው።"

"ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን" አሉ ሽማግሌው።

ሩዋይዳ አልጮኸችም። ዘይቱና እጅ ውስጥ ቀስ እያለች ወረደች። "ስደውል ነበር" አለች። "ክፉ ቃል ልኬበታለሁ። ረስተኸኛል ብዬ።"

"አላነበበውም" አለች ዘይቱና። "ስልኩን አባቱ ነው ያጠፋው። አንቺን ምን እንደሚልሽ ጨንቆት። ታሞ ስምሽን ይጠራ ነበር።"

ያን ጊዜ ነው ልጅቷ ያለቀሰችው። ሴቶቹ አብረው አለቀሱ። የኖህ ኪስ ውስጥ ስልኩ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ከሆስፒታል ነው። አይቶት ሊነሳ ሲል ዘይቱና በአገጯ መሬቱን አሳየችው።

"ሕመምተኛ ይጠብቀኛል።"

"አውቃለሁ ልጄ። ትንሽ ቁጭ በል። መርዶ ነግሮ ወዲያው አይወጣም።"

ተቀመጠ። ስልኩ ዝም እስኪል ድረስ ተቀመጠ።

ፀሐይ ወጥታ፣ ሰዉ ከተበተነ በኋላ፣ ሩዋይዳ ፊቷን ታጠበች። ጫማዋን እያሰረች፣ "ለሚፍታ ብዬ አይደለም የምሄደው" አለች፣ ማንም ሳይጠይቃት።

"ለማንም አትበይ። ብቻ ተነሽ።"

"ያመኛል።"

"ያምሻል" አለች ዘይቱና።

አግዳሚው ወንበር ላይ እንደ ሁልጊዜው ሰው ሞልቷል። ሊበንም መጥቷል፣ ጆንያ እንደተሸከመ ሰው እያለከለከ። ሩዋይዳ ተራዋ ደርሶ ገባችና በሩ ተዘጋ። ዘይቱና እዚያው አልጠበቀችም። መሰረት ስልክ ይዛ የምትቀመጥበት ክፍል ገባች፣ በሩን ገፋ አደረገችው።

"ሰላም ዋልሽ ልጄ።"

"ሰላም ዋሉ እናቴ። ሰማሁ እኮ..."

"ቁጭ በይ።"

መሰረት ተቀመጠች። ዘይቱናም ወንበር ስባ ጉልበቷን ይዛ ተቀመጠች። ከውጭ የሕፃን ለቅሶ ይሰማል። ልጅቷ እንድትዘጋጅ ነጠላዋን አስተካከለች።

"መሰረት" አለች። "አምና ስለ ሀሊሜ ጠይቀሽኝ ነበር፤ ባለፈው ዓርብ በጠብ መሀል ነው የሰማሽው። እህቴ ሀሊሜ አርፋለች።"